ከቅልጥም እስከ ስቶክሆልም

እናቴ ቅልጥም የምታንኳኳበት አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነበራት። ከሥጋ ቤት የመጣው አጥንት በደንብ ከተቀቀለ በኋላ በዚያ ድንጋይ ላይ ቷ ቷ አድርጋ ታራግፈዋለች። ከውስጡ የሚወጣውን መቅኔ ለማን እንደምትሰጥ አስቀድማ ወስናለች፤ ለአራስ፣ ከሕመም ለተነሣ፣ አጥንቱ ለተሰበረ። እኛ ጤነኞቹ መረቁን ነው የምንቀምሰው። «መቅኔ ደም ይሆናል» ትል ነበር። ማን ነገረሽ ቢሏት መልስ የላትም፤ እሷም ከእናቷ ነው የሰማችው።

ለዚህ ጽሑፍ ስል መጻሕፍት ሳገላብጥ፣ እናቴ ከድንጋይዋ አጠገብ ተቀምጣ የምትለውን ነገር የአውሮፓ ሊቃውንት በማስረጃ የደረሱበት በ1868 መሆኑን ሳነብ ፈገግ ማለቴ አልቀረም። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።) በዚያ ዓመት በፕሩሲያዋ ኮኒግስበርግ ከተማ ኤርነስት ኖይማን የተባለ የሕክምና መምህር የሰውና የጥንቸል መቅኔ በማይክሮስኮፕ ሲመረምር ገና በመብሰል ላይ ያሉ ቀይ የደም ሴሎች አገኘና ደም የሚመረተው አጥንት ውስጥ ነው ሲል ጻፈ። ጣሊያናዊው ጁሊዮ ቢዞዜሮም በዚያው ዓመት ተመሳሳይ ነገር አስተዋለ። ባልደረቦቻቸው ግን ቶሎ አልተቀበሏቸውም። አጥንት የገላ ምሰሶ ነው እንጂ የደም ፋብሪካ ነው ብሎ ማን ያምናል?

እናቴ በአንድ ነገር ግን ተሳስታለች። መቅኔ በአፍ ሲገባ ምግብ ነው፤ ሆድ ይፈጨዋል እንጂ ወደ አጥንት አያደርሰውም። በዚህ ስሕተት ብቻዋን አይደለችም፤ በ1890ዎቹ የነበሩ አንዳንድ የአውሮፓ ሐኪሞችም ደም ላነሰው በሽተኛ የከብት መቅኔ ያበሉ ነበር። ቁም ነገሩ በመቅኔው ውስጥ ያለው ሕያው ሴል መሆኑን ለማወቅ ሌላ ግማሽ ምዕት ዓመት፣ አንድ የዓለም ጦርነትና ሁለት አቶሚክ ቦምብ አስፈልጓል።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ወደዚህ ታሪክ ጎትቶ ያስገባኝ ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ነሐሴ 1945 ሂሮሺማ ላይ ቦምቡ ሲወድቅ ከእሳቱና ከፍርስራሹ የተረፉ ብዙ ሰዎች ከሳምንታት በኋላ ቁስል ሳይኖርባቸው ሞቱ። ፀጉራቸው ረገፈ፣ ከድዳቸው ደም ፈሰሰ፣ ትንሹን ትኩሳት መቋቋም አቃታቸው። ጨረሩ የገደለው መቅኔያቸውን ነበር። የአንድ ጎልማሳ ሰው መቅኔ በያንዳንዷ ሰከንድ ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጉ ቀይ የደም ሴሎች ይሠራል፤ አንዷ ሴል የምትኖረው 120 ቀን ያህል ነውና ምርቱ ካልተተካ ሰውነት በቁሙ ይደርቃል። ነጮቹ የደም ሴሎችማ ዕድሜያቸው ከዚያም ያጠረ ነው፤ በሽታ የሚከላከል ዘብ በቀናት ውስጥ ይጠፋል።

ኃያላኑ መንግሥታት ለሚቀጥለው የአቶም ጦርነት በመስጋት ለዚህ ነገር መድኃኒት እንዲፈለግ ገንዘብ መደቡ። በ1951 አሜሪካ ውስጥ ኤጎን ሎሬንዝና ባልደረቦቹ ገዳይ በሆነ ጨረር የተመቱ አይጦችን የሌላ አይጥ መቅኔ በደም ሥራቸው በመስጠት ማዳን እንደሚቻል አሳዩ። መጀመሪያ ላይ ብዙዎች ያዳናቸው በመቅኔው ውስጥ ያለ ፈሳሽ ነው፣ አንድ ዓይነት ሆርሞን ነው ብለው ነበር። በ1956 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ከሞት በተረፉት አይጦች አጥንት ውስጥ የሚራቡት ሴሎች የለጋሹ መሆናቸውን በክሮሞዞማቸው ምልክት ለይተው እስኪያረጋግጡ ድረስ ክርክሩ ቀጠለ። ሴሎቹ በደም ሥር ገብተው፣ ማንም ሳይመራቸው፣ አጥንትን ፈልገው ቤታቸውን ሠርተዋል። እኔን እስከ ዛሬ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው።

ወደ ሰው ሲመጣ ግን ነገሩ እንደ አይጥ አልቀለለም። ጥቅምት 1958 በዩጎዝላቪያ ቪንቻ በሚባል ቦታ ከሚገኝ የኑክሌር ማብላያ ባመለጠ ጨረር ስድስት ሰዎች ተመቱ። ፓሪስ ተወስደው ዦርዥ ማቴ በተባለ ሐኪም እጅ ገቡ። ከማያውቋቸው ፈረንሳውያን የተወሰደ መቅኔ ለአምስቱ ተሰጣቸው፤ አንዱ ሞተ፣ የቀሩት አገገሙ። ጋዜጦች ተአምር ብለው ጻፉ። ሆኖም የተሰጣቸው መቅኔ ብዙም ሳይቆይ ከሰውነታቸው ጠፍቷል፤ ያዳናቸው እሱ ነው ወይስ የራሳቸው መቅኔ አገግሞ ነው የሚለው ሊቃውንቱን ሲያከራክር ኖረ።

ከሁሉ በላይ በልቤ የቀረው ሰው ግን ከቴክሳስ ገጠር የወጣው ዶናል ቶማስ ነው። በ1957 ኩፐርስታውን በምትባል ትንሽ የኒውዮርክ ከተማ ሲሠራ፣ ለስድስት በሽተኞች የሌላ ሰው መቅኔ የሰጠበትን ውጤት በታወቀ የሕክምና መጽሔት አሳተመ። ስድስቱም በ100 ቀን ውስጥ ሞተዋል። እንዲያው ልብ በሉት፤ አንድ ወጣት ሐኪም በአዲስ ሕክምና ስሙን ሊያስጠራ ተነሥቶ ያቀረበው የስድስት ሬሳ ዝርዝር ነው። አንዳችም አልደበቀም። ከዚያ በኋላ በነበሩት አሥር ዓመታት በዓለም ዙሪያ ወደ 200 በሚጠጉ ሰዎች ላይ ተሞከረ፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሞቱ። የለጋሹ መቅኔ ወይ አልይዝ ይላል፣ ወይም ከያዘ በኋላ የገባበትን ሰውነት እንደ ባዕድ ቆጥሮ ቆዳውን፣ ጉበቱንና አንጀቱን ይወጋል። ብዙዎቹ ሐኪሞች ተስፋ ቆርጠው ተዉት።

ቶማስ ወደ ውሾች ተመለሰ። ከባለቤቱ ከዶቲ ጋር፣ የየትኛው ውሻ መቅኔ ለየትኛው እንደሚስማማ ለዓመታት ሲፈትን ቆየ። የሕብረ ሕዋስ ዓይነት የሚባለው፣ ወንድምና እህት በአራት አንድ ጊዜ የሚጋሩት ነገር፣ እየታወቀ የመጣው በዚያን ጊዜ ነው። በ1968 ሚኔሶታ ውስጥ ሮበርት ጉድ የተባለ ሐኪም በሽታ የመከላከል አቅም ሳይኖረው የተወለደን ሕፃን በእህቱ መቅኔ አዳነ። ቶማስም ሲያትል ሆኖ የደም ካንሰር በሽተኞችን ማከም ጀመረ፤ መጀመሪያ በጣም ጥቂቶች፣ ቀስ በቀስ ብዙዎች ዳኑ። በ1990 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። የሕክምናውን ኖቤል የሚሰጠው ስቶክሆልም የሚገኘው የካሮሊንስካ ተቋም ጉባኤ ነው፤ አንባቢ ይህን ስም ይያዝልኝ። እስከ 2012 መጨረሻ ድረስ በዓለም ላይ አንድ ሚሊዮን እንዲህ ያለ ሕክምና ተካሂዷል።

ሐኪሞቹ በዚህ ሲደክሙ፣ መቅኔው ውስጥ ያለችው ያቺ ሁሉን የምታስገኝ ሴል ምን እንደሆነች ያሳዩት ሁለት የቶሮንቶ ሰዎች ናቸው። ጄምስ ቲል የፊዚክስ ሰው ነው፤ ኧርነስት ማኩሎክ ሐኪም። በጨረር ለተመቱ አይጦች የተቆጠረ የመቅኔ ሴል ይሰጡ ነበር። አንድ እሑድ ማኩሎክ ብቻውን ወደ ላቦራቶሪው ሄደና ሴሎቹ ከተሰጧቸው አሥር ቀን የሆናቸውን አይጦች ሲከፍት ጣፊያቸው ላይ ጉብ ጉብ ያሉ ነገሮች አየ። ሌላው ሰው ቢሆን እብጠት ብሎ ያልፈው ነበር፤ እሱ ግን ቆጠረው። ወደ 10,000 በሚጠጉ ሴሎች አንድ ጉብታ! የሴሉ ቁጥር ሲጨምር ጉብታውም በዚያው ልክ ይጨምራል። እያንዳንዱ ጉብታ ከአንዲት ሴል የበቀለ ነበር። ይህን በ1961 ጨረርን በሚያጠና መጽሔት ላይ አወጡት፤ ያነበበው ጥቂት ሰው ነው። ዛሬ ስቴም ሴል የምንለው ነገር፣ ማለትም ራሷን እየተካች ሌሎችንም የምትወልደው ሴል፣ በሙከራ የታየችው በዚህ ነው። አማርኛችን አንድ ስም ላይ ገና አልረጋም፤ አንዳንዶች ግንደ ሕዋስ ይሏታል፣ ለእኔ ግን እናት ሴል ብትባል ይቀለኛል።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ ቀጥ ያለ ነው፤ የመቅኔ እናት ሴል ደም ትወልዳለች። የተንጋደደው ከዚህ በኋላ ነው።

በ1998 የጣሊያን ተመራማሪዎች በአይጥ ላይ የመቅኔ ሴል ወደ ጡንቻ ሄዶ ጡንቻ ሲሆን አየን አሉ። ሌሎችም ጉበት ሆነ፣ አንጎል ሆነ እያሉ ተከተሉ። በ2001 ፒየሮ አንቬርሳ የተባለ፣ በኒውዮርክ ይሠራ የነበረ ሌላ ጣሊያናዊ ከባልደረቦቹ ጋር፣ ልቡ በከፊል የሞተበት አይጥ በመቅኔ ሴል አዲስ የልብ ጡንቻ አበቀለ የሚል ጽሑፍ ኔቸር በተባለው መጽሔት አወጣ። ዓለም ተንጫጫ። ጊዜው ደግሞ ከፅንስ ስለሚወሰድ ስቴም ሴል አሜሪካ ውስጥ ብርቱ የሃይማኖትና የፖለቲካ ክርክር የሚካሄድበት ነበር፤ ፅንስ ሳይነካ፣ ከራስ ዳሌ ተቀድቶ ሁሉን የሚጠግን ሴል ተገኘ ሲባል ለብዙዎች የጸሎት መልስ መሰላቸው። በዚያው ዓመት ጀርመን ውስጥ ሐኪሞች የልብ ድካም የመታቸውን ሰዎች በገዛ መቅኔያቸው ማከም ጀመሩ። ከአይጥ ወደ ሰው ለመሻገር ዓመት እንኳ አልፈጀም።

ከዚያ ወሬ ፍንጣሪው አዲስ አበባ እኛ ቤት ደረሰ። ታላቅ ወንድሜ፣ ጋሼ እያልን የምንጠራው፣ በ1998 በደረሰበት የመኪና አደጋ አከርካሪው ተጎድቶ ከወገቡ በታች አይታዘዝለትም። እናቴ ወራት ሙሉ የቅልጥም መረቅ አጠጣችው። እኔ ደግሞ፣ የተማርኩት፣ በ2007 ከአንድ ኢንተርኔት ቤት ባዕድ አገር ስላለ ክሊኒክ የሚናገር ወረቀት አትሜ መጣሁ። ከሕመምተኛው ዳሌ መቅኔ ይቀዳል፣ ስቴም ሴሉ ይለያል፣ በአከርካሪው ፈሳሽ ውስጥ ይሰጣል፣ ነርቭ ይበቅላል። እናቴን በእናቴ ቋንቋ አሳመንኳት፤ «እማዬ፣ አንቺ መቅኔ ትይ የለም? ይኸው ፈረንጆቹም ደረሱበት» አልኳት።

ዘመድ አዋጣ፤ እኔ ዕቁቤን ቀድሜ ወሰድሁ፤ ውጭ ያለች እህታችን ተበደረች። አብሬው ሄድሁ። ከግራና ከቀኝ ዳሌው ቀዱለት። በአራተኛው ቀን «እግሬን ሞቅ ሞቅ አለኝ» ሲለኝ ኮሪደር ወጥቼ አለቀስሁ። ሙቀቱ ትኩሳት ነበር። ተመለስን፤ ስድስት ወር ጠበቅን፤ ዓመት ጠበቅን። ከክሊኒኩ የመጣልን ብቸኛ ደብዳቤ ሁለተኛ ዙር በቅናሽ ዋጋ የሚል ነው። እግሩ ተንቀሳቀሰ ወይስ አልተንቀሳቀሰም ብሎ የጠየቀን አንድም ሰው የለም። ይህን ያነሳሁት ገንዘቡ ቆጭቶኝ አይደለም። ስድስት ሰው ሞተብኝ ብሎ የጻፈውን ዶናል ቶማስን ሳነብ ያ ያልተጠየቅነው ጥያቄ ነው ትዝ ያለኝ። እነዚያ ሰዎች የጋሼን ውጤት የትም አልመዘገቡትም፤ ስለዚህ ከኛ በኋላ ለመጣው ቤተሰብ የነገሩት እኛ ከመሄዳችን በፊት ለኛ የነገሩንን ነው።

እኛ ከመሄዳችን ሦስት ዓመት በፊት፣ በ2004፣ መልሱ ታትሞ ወጥቶ እንደነበር ያወቅሁት በኋላ ነው። ሁለት የተለያዩ የአሜሪካ ቡድኖች የአንቬርሳን ሙከራ ቢደግሙት የመቅኔ ሴል የልብ ጡንቻ ሲሆን አላገኙም፤ ያንኑ በኔቸር ጻፉ። ከዚያም አስቀድሞ ሌሎች ተመራማሪዎች የመቅኔ ሴል ሌላ ዓይነት ሴል የሆነ የሚመስለው አንዳንዴ ከነባሩ ሴል ጋር ስለሚዋሃድ መሆኑን አሳይተው ነበር። ሆኖም ወሬ ከእርማት ይፈጥናል። አንቬርሳ ወደ ሐርቫርድ ተዛውሮ ለዓመታት በከፍተኛ ገንዘብ ሠራ። በ2018 ሐርቫርድና አጋሩ ሆስፒታል ከእሱ ላቦራቶሪ የወጡ 31 ጽሑፎች የተፈበረከ ወይም የተዛባ ማስረጃ ስላለባቸው እንዲሰረዙ ጠየቁ።

አንድ ሌላ ሰው ማንሳት አለብኝ፤ ከዚህ ሁሉ መካከል የሚያጽናናኝ እሱ ነው። መቅኔ ውስጥ ደም ከምትሠራዋ ሌላ፣ ከብርጭቆ ጋር የምትጣበቅ አጥንት ሠሪ ሴል መኖሯን ሞስኮ ውስጥ አሌክሳንደር ፍሪደንስታይን በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ አሳይቶ ነበር። በ1991 አሜሪካዊው አርኖልድ ካፕላን ሜሴንካይማል ስቴም ሴል የሚል ስም አወጣላት። ክሊኒኮች ሁሉ የሚነግዱት በዚያ ስም ነው። በ2017 ግን ካፕላን ራሱ ያወጣሁት ስም ሰዎችን እያሳሳተ ነውና ይቀየር ብሎ ጻፈ። ስም አውጪው ስሙን ሲመልስ ክሊኒኮቹ አልሰሙትም።

አሁን ወደ ስቶክሆልም እንመለስ። ፓውሎ ማኪያሪኒ የተባለ የቀዶ ሕክምና ሐኪም በ2008 ባርሴሎና ውስጥ ከሞተ ሰው የተወሰደ የመተንፈሻ ቧንቧ ከነባር ሴሎቹ አጥቦ፣ ከበሽተኛዋ መቅኔ የወጣ ሴል አልብሶ ተከልሁላት በማለት ስሙ ገነነ። ካሮሊንስካ ቀጠረው። ሰኔ 2011 ደግሞ ከሰው ያልተወሰደ፣ ከፕላስቲክ የተሠራ ቧንቧ፣ ከበሽተኛው መቅኔ በተቀዳ ሴል ውስጥ 36 ሰዓት ሲሽከረከር ቆይቶ ተተከለ። በሽተኛው የ36 ዓመት ኤርትራዊ ነበር፤ አይስላንድ ውስጥ ስለ ምድር ሳይንስ ይማር የነበረ፣ በመተንፈሻ ቧንቧው ላይ ዕጢ የበቀለበት፣ የልጆች አባት።

ዜናውን በሰማሁ ጊዜ እኔ ከጋሼ ነገር ገና አላገገምሁም፤ ቢሆንም ደስ አለኝ። የኛው የቅርብ ሰው፣ ቋንቋው ከኛ የሚዋሰን፣ በዓለም የመጀመሪያው ሆነ ብዬ ለጋሼ ነገርሁት። እሱም «እንዲያ ከሆነ ለሱ ሠራለት ማለት ነው» አለ፤ በቅናት አልነበረም። በዚያው ዓመት ኅዳር ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ሰውየው ከአምስት ወር በኋላ በደኅና እንደሚተነፍስ ጻፈ። በ2012 የቀዶ ሕክምናው ዓመት ሲሞላ በአይስላንድ ዩኒቨርሲቲ ስብሰባ ተጠርቶ በድል አድራጊነት ታየ።

እውነቱ በሕክምና መዝገቡ ውስጥ ነበር። ፕላስቲኩ ከሥጋ ጋር አልተዋሐደም፤ የመቅኔው ሴልም ቧንቧውን አላለበሰውም። ሰውየው በተደጋጋሚ እየተመላለሰ ስቶክሆልም ላይ ሲታከም ቆይቶ ጥር 2014 አረፈ። በዚያው ሆስፒታል እንዲህ ያለ ቧንቧ የተተከለላቸው ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሁለተኛው በ2012፣ ሦስተኛዋ ከብዙ ስቃይ በኋላ በ2017 ሞቱ። ቀዶ ሕክምናው ወደ ሰው ከመምጣቱ በፊት በእንስሳት ላይ በቅጡ አልተፈተነም፤ የሥነ ምግባር ቦርድም ፈቃድ አልሰጠበትም። ቶማስ በውሾች ያሳለፋቸው ዓመታት እዚህ የሉም።

መዝገቡን አገላብጠው ከታተመው ጽሑፍ ጋር ያስተያዩት አራት የዚያው ሆስፒታል ሐኪሞች ናቸው፤ ከጽሑፉ ተባባሪ ደራሲዎች የነበሩም በመካከላቸው አሉ። በ2014 አቤት አሉ። የተቋሙ ኃላፊ በ2015 ማኪያሪኒን ነጻ አለው፤ አራቱ ሐኪሞች ግን የበሽተኛ ምስጢር ደፍራችኋል ተብለው ለፖሊስ ተከሰሱ። በ2016 መጀመሪያ የስዊድን ቴሌቪዥን በሽተኞቹ የደረሰባቸውን ባሳየ ጊዜ ነው ግድግዳው የተናደው፤ ኃላፊው ለቀቀ፣ የኖቤል ጉባኤው ጸሐፊም ለቀቀ። ላንሴት የ2011ዱን ጽሑፍ በ2018፣ የባርሴሎናውን ደግሞ በ2023 ሰረዘ። በ2023 የስቶክሆልም ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በሦስቱም በሽተኞች ላይ በደረሰው ከባድ ጉዳት ማኪያሪኒን ሁለት ዓመት ከመንፈቅ እሥራት ፈረደበት።

በመቅኔ ተስፋ መቁረጥ ግን አይገባም። በጀርመን በ2007 ኤችአይቪን የሚቋቋም ለጋሽ መቅኔ ሴል የተሰጠው በሽተኛ ከቫይረሱ ነጻ ሆኗል። በ2023 መጨረሻ ደግሞ ሲክል ሴል የተባለውን የደም በሽታ ለማከም፣ የበሽተኛውን የገዛ ደም ሠሪ ስቴም ሴል አውጥቶ፣ ዘሩን አርሞ የሚመልስ መድኃኒት በእንግሊዝ ተፈቀደ። ሁለቱም የተሳካላቸው ሴሏ በምታውቀው ሥራ፣ ደም በመሥራት፣ ስላሠሯት ነው።

ይህን ጽሑፍ ከመላኬ በፊት ለጋሼ አነበብሁለት። ተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ሆኖ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማኝ። ኤርትራዊው ዘንድ ስደርስ «ትምህርቱን ጨርሶ ነበር እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። ከዚያም መጀመሪያ ላይ «ከቀኝ ዳሌው ቀዱለት» ብዬ ጽፌ ነበርና አስቆመኝ።

«ከግራም ቀድተዋል» አለ። «አንተ ያኔ ውጭ ነበርህ። ሁለቱንም ጻፍ።»